የእንግሊዟ መርዶ

ሰው ሕይወቱ የተለወጠበትን ቀን ሲያወራ አብዛኛውን ጊዜ "መብራት በራልኝ" ይላል። የእኔ ሕይወት የተለወጠው ግን መብራት እየጠፋብን ነው። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

ያኔ ኮልፌ፣ ከታክሲው ፌርማታ ገባ ብሎ ባለ ቅያስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ቤት እሠራ ነበር። ወላጆቼ ከከፋ መጥተው ኮልፌ ላይ ኮረሪማ ሲሸጡ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ እኔ ብቻ ነኝ፤ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቄ፣ ሥራ ፍለጋ ስዞር ጫማዬን ጨርሼ፣ በመጨረሻ እናቴ "መርፌ መያዝ ነውር የለውም" ብላ ለጎረቤታችን ለእትዬ ሩቂያ አስረከበችኝ። እኔም ዲግሪዬን ቁም ሳጥን ውስጥ ከትቼ የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ሆንኩ። ተናድጄ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ንዴቴ ቁልፉ ላይ ያልፍ ስለነበር እኔ የተከልኩትን ቁልፍ የበጠሰ ተማሪ የለም።

እትዬ ሩቂያ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከአንዲት ጠባብ የጨርቅ ሱቅ ተነሥተው አምስት የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ያቆሙ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው የሚቀድም ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ እንቅርት ነበረባቸው። በሻሻቸው ሸፍነውት ይውላሉ። ስለሱ አንዴ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

መብራት ሲጠፋ መኪኖቹ ይቆማሉ። በእጅ የሚሠራው ቁልፍና ዘምዘማ ብቻ ይቀራል፤ ሴቶቹ በሩ ጋ ብርሃን ተሻምተው ይቀመጡና ሰው ማማት ይጀምራሉ። አንድ ቀን ሐሜቱ ሲሰለቸኝ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን ወፍራም የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ገለጥኩ።

"ለብቻሽ ትበያለሽ እንዴ?" አለችኝ አጠገቤ የምትሰፋው አስናቀች።

በዚያው ተጀመረ። እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ፤ የእኔን ድርሻ ቁልፍ እነሱ ይተክሉልኛል። እትዬ ሩቂያ መጀመሪያ "ቤቴን ትምህርት ቤት አደረጋችሁት" ብለው ተቆጡ። ቆየት ብለው ወንበራቸውን ወደ እኛ አስጠጉ። በመጨረሻም ሕግ አወጡ፦ መብራት ከመጣ መጽሐፉ ይዘጋል፤ በአረፍተ ነገር መሃል እንኳ ቢሆን ይዘጋል። ሕጋቸው እንደ ስፌታቸው የጠበቀ ነበር። አንዴ ሰውየው "አገባሻለሁ" ሊል አፉን እንደከፈተ መብራት መጣና፣ እስከ ማግስቱ ድረስ አፉን እንደከፈተ አደረ።

የደራሲዋን ስም አልጠራም፤ እኛም ቤት በስሟ ተጠርታ አታውቅም። አስናቀች ልትጠራው ሞክራ ምላሷ ሲተሳሰር "እንግሊዟ" ብላ ገላገለችን። በአገሯ ስሟን የማያውቅ የለም አሉ። ሴቶቹ ግን ከመጽሐፏ እኩል የሕይወት ታሪኳን ወደዱት፤ እኔም ከመግቢያው ላይ በየቀኑ ቆንጥሬ እነግራቸዋለሁ። የአስተማሪ ልጅ ነበረች። እናቷን በልጅነቷ አጥታለች። ዘግይታ ነው ያገባችው። ቤቱ ሳይነቃ ተነሥታ ትጽፋለች፣ ሰው ሲነቃ ወረቀቷን ሰብስባ ቁርስ ታቀርባለች። የመጀመሪያ መጽሐፏ ያለ ስም ሲወጣ ባሏ ማን እንደጻፈው ሳያውቅ እራት ላይ አደነቀላት።

"እና ዝም አለች?" አለች አስናቀች። "እኔ ብሆን በጥሩምባ ነው የማስነግረው!"

"ብልህ ናት" አሉ እትዬ ሩቂያ። "ለባል ሁሉም አይነገርም።"

በመጽሐፎቿ ሁሉ ንጉሥና የጦር አዛዥ የሉም። ባለ ሱቅ፣ አስተማሪ፣ ሳታገባ የቀረች አክስት፣ ኑሮ ያደከመው ሰው ነው የምትጽፈው። የእኛው መጽሐፍ ባለታሪክ ማርታ ትባላለች፤ ዝናብ በማያቋርጥበት ከተማ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ምላሷ የሚዋጋ መበለት ናት። አንድ ልጇ ተጣልታት ከቤት ወጥታለች። ማርታም ደረቷን እያመማት፣ ሐኪም ሳታይ፣ ልጇን ትጠብቃለች።

"ይቺ ሴትዮ እኮ ቁርጥ እኔን ናት!" አሉ እትዬ ሩቂያ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች እንደሰሙ። ከዚያ ቀን በኋላ ማርታ ላይ ክፉ ለማውራት የደፈረ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ አልዋጥ አላቸው። አንዲት ጎረቤት ማርታን ልትጠይቅ መጥታ፣ አንኳኩታ፣ እስኪከፈትላት ዝናብ ላይ ስትቆም ሥራው ሁሉ ቆመ።

"ጎረቤት ሆና ታንኳኳለች?" አሉኝ።

"እዚያ አገር ሳያንኳኩ መግባት ነውር ነው፣ እትዬ። ወንድምም ቢሆን ያንኳኳል።"

"ኧረ ወዲያ! እኛ ቤት የሚያንኳኳ ፖሊስ ብቻ ነው።"

ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

የእትዬ ሩቂያ እንቅርት እያደገ እስትንፋሳቸውን ይጫን ጀመር። ደረጃ ሲወጡ ቆም ብለው ግድግዳ ይይዛሉ። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት ቢሉም ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞላቸው ሁለቱንም ጊዜ "ሥራ በዛ" ብለው ቀሩ። ሥራ አልበዛም ነበር፤ ፈርተው ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ሐያት፣ አንዲቱ ልጃቸው፣ አልቅሳ ለመነቻቸውና እሺ አሉ። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በነበረው ቀን መብራት ጠፍቶ ስናነብ ማርታ አልጋ ላይ ወደቀች። መብራቱም ወዲያው መጣ። እትዬ ሩቂያ መጽሐፉን በገዛ እጃቸው ዘጉትና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"ነገ ከሰዓት፣ ዋርድ ድረስ መጥተሽ መጨረሻውን ታነቢልኛለሽ። ማርታ ገዴ ናት። እሷ ከተነሣች እኔም እነሣለሁ።"

"ካልተነሣችስ?" አለች አስናቀች፤ አፏ መቼም አያርፍም።

እትዬ ሩቂያ ገላመጧትና ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ።

በማግስቱ እሳቸው ሆስፒታል ሲተኙ እኛ ሥራ ላይ ነን። ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ቀድመን ላናነብ ቃል ገብተን ነበር፤ ግን "ለእሳቸው ደግመሽ ታነቢላቸዋለሽ፣ ምን ይጎድልብሻል?" እያሉ ሲያባብሉኝ የእኔም ልብ ተሸነፈ። ማርታ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ሱቋን ዘግታ፣ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ውጭ ዝናብ ነው። ገጹን ገለጥኩ። ታሪኩ የለም። በምትኩ በትናንሽ ፊደል የተጻፈ የአሳታሚ ማስታወሻ ነበር፦ ደራሲዋ እዚህ ድረስ ጽፋ አርፋለች፤ መጽሐፉ አላለቀም።

የመግቢያው የመጨረሻ ገጾች ተገንጥለው ስለነበር አስቀድሜ አላወቅሁም። ለሴቶቹ ስነግራቸው ድምፄ ለራሴ ተለወጠብኝ። እንዲያው አንድ የማውቀው ሰው የሞተ ያህል ነው የተሰማኝ። አስናቀች መቀሷን አስቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ነፍስ ይማር። ያን ሁሉ ማለዳ ተነሥታ!" አለች። ቀጥላም ወደ ሁላችንም ዞራ እንዲህ አለች፦ "ለእትዬ ሩቂያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም።"

ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት። ከመሃላችን ግን አንድም ሰው አልሳቀም። በዲግሪዬ የምኮራው እኔ ምሕረት እንኳ በሙሉ ልቤ ተስማማሁ። ለታመመ ሰው ሞት አይነገርም፤ አለቀ።

ስልኬ የጮኸው ያኔ ነው። ሐያት ነበረች።

"ምሕረትዬ፣ በናትሽ ቶሎ ነዪ። እማዬ አልፈርምም አለች።"

"ምን ሆነው?"

"መጨረሻውን ሳልሰማ አልፈርምም አለች። ዛሬ ካልፈረመች ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ያስገባሉ። ደግሞ ስንት ወር እንደሚያቆዩን እንጃ። ትናንት ማታ እስትንፋሷ ሲቆራረጥ እያየሁ ነው ያደርኩት፣ አልዋሽሽም።"

ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። "የለም" ብላቸው አይፈርሙም። "ሞታለች" ብላቸው ገዳቸው ጠቆረ ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ኮልፌ ነው የሚመለሱት፤ አውቃቸዋለሁ። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። እንግሊዝኛ አያነቡም። እስከዛሬም የሰሙት የእኔን አፍ ነው። መጨረሻውን ራሴ እፈጥራለሁ። በሕይወቴ አንድ ተረት እንኳ ፈጥሬ አላውቅም። ረዳቱ "ወራጅ አለ?" እያለ ሲጮህ እኔ ማርታን እንዴት እንደማድናት እያሰብኩ ፌርማታዬን አለፍኩና ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ።

ዋርዱ ውስጥ እትዬ ሩቂያ አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ያለ ሻሽ አይቻቸው አላውቅም ነበር። እንቅርታቸውም ተገልጦ ይታያል፤ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ። ሐያት ጥግ ላይ ዓይኗ አብጦ ቆማለች።

"ቀድማችሁ አነበባችሁ?" አሉኝ ገና ከመግባቴ።

"ኧረ በፍጹም!"

"ውሸታም። ተቀመጪ፣ ጀምሪ።"

መጽሐፉን የአሳታሚው ማስታወሻ ላይ ገልጬ "ማንበብ" ጀመርኩ።  ማርታ ከሕመሟ እያገገመች ነው አልኩ። ጎረቤቶቿ መታመሟን ሰምተው ኖሮ፣ በሩን ገፋ አድርገው ተከታትለው ገቡ። አንዷ አጥሚት ይዛለች። አንዷ አልጋዋን አነጠፈችላት። አንዷ ሱቁን ከፍታ ጨርቅ ትሸጥላት ጀመር። ሽማግሌዎች ተነሥተው ልጇን ፍለጋ ሄዱ፣ አስታርቀውም አመጧት። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ተላቀሱ። በአጎራባች አልጋ ያለች ሴት እንባዋን ስትጠርግ አየሁና ልቤ ሞላ፤ እንዲያውም የማርታን ልጅ በዚያው ልድራት ቃጣኝ።

እትዬ ሩቂያ ግን ትክ ብለው አዩኝ። 

"መጽሐፉን ዝጊው" አሉ።

ዘጋሁት።

"ሞታለች፣ አይደል?"

"ኧረ እትዬ! ማርታ ድናለች እያልኩዎት!"

"ማርታን አላልኩም። እንግሊዟን ነው።"

መሬቱን ማየት ጀመርኩ። ሐያት ምንም ስላልገባት አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች።

"በሩን ገፍተው ገቡ አልሽ" አሉ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል። "አጥሚት ይዘው። ሽማግሌ ተልኮ። እነዚህ የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው። እንግሊዟ በሕይወት ብትኖር አስንኳኩታ ነበር የምታስገባቸው። ሰው ጀምሮት የነበረውን ሥራ ለሌላ ሰው የሚተወው ምን ሲሆን እንደሆነ ደግሞ አውቃለሁ፤ የባሌን ሱቅ የተረከብኩት እኔ አይደለሁ?"

"አዎ፣ አርፋለች" አልኩ። እንባዬ መጣ፤ ምን እንዳስለቀሰኝ እስከዛሬ በትክክል አላውቅም። "ግን ድሮ ነው እትዬ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል።"

"ድሮም ትሙት ዛሬ፣ ለእኔ የሞተችው የሰማሁ ቀን ነው።" እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ወሰዱና ሽፋኑን ዳሰሱት። "አላህ ይዘንላት። ጎበዝ ሴት ነበረች። መርዶ ደበቃችሁኝ ማለት ነው?"

"ለበሽተኛ አይነገርም ብለን ነው።"

"ደግ አደረጋችሁ" አሉ። ቀጥለውም፦ "ማርታስ? እንግሊዟ እስከጻፈችው ድረስ፣ ማርታ ሞታለች?"

"አልሞተችም። ከአልጋዋ ተነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ሱቋ ተዘግቷል፣ ውጭ ይዘንባል።"

"እንደተቀመጠች ናት? መቶ ዓመት ሙሉ?"

"አዎ።"

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የተንቀሳቀሰው። ከዚያ ሳቁ፤ እንቅርቱ ትንፋሻቸውን እያሳጠረባቸው፣ እየሳሉ ሳቁ። "ጸሐፊዋ ሞታ እሷ ተቀምጣለች! አላልኳችሁም፣ እኔን ናት! በይ እንግዲህ የዋሸሽውን ተይው፤ ከወንበሯ ላይ ጀምረሽ አሁን እውነቱን ንገሪኝ።"

"እውነቱ አልተጻፈም እኮ እትዬ።"

"ስለዚህ አንቺ ተናገሪዋ። ስታነቢልን የኖርሽ አንቺ፣ ሌላ ማንን ልጥራ? ግን ያንኳኩ።"

መጽሐፉን አልመለሱልኝም። ባዶ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ዝናቡን አወራሁ፤ የክረምት ዝናብ የኮልፌን መንገድ ሲደበድብ እያሰብኩ፣ ግን የማርታን ከተማ ሳልረሳ። ማርታ መብራቱን ልታጠፋ ተነሣች። እጇ ጠረጴዛው ላይ የቀረች የጨርቅ ቁራጭ ነካ፤ ልጇ ትንሽ ሆና መስፋት የተማረችበት ቁራጭ ነው። መልሳ ቁጭ አለች። ያኔ በሩ ተንኳኳ።

"በቃሽ" አሉ እትዬ ሩቂያ።

"ማን እንደሆነ ልንገርዎት እንጂ!"

"አትነግሪኝም። ስወጣ ትነግሪኛለሽ። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ቶሎ ይነቃል።" ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሐያት፣ ያንን የሚፈረም ነገር አምጪው።"

ፈረሙ። ሐያት እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ እኔ ደግሞ መስኮቱ ጋ ሄጄ ወደ ውጭ የማይ መሰልኩ።

በማግስቱ ጠዋት በሚገፋ አልጋ ሲወስዷቸው አላዩንም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ዱዓ ያደርግ ነበር። እኔና ሐያት ኮሪደሩ ላይ ቆየን። አስናቀች ምሳ ይዛ መጣች፣ ማንም አልበላውም። በተከፈተ ቁጥር የበሩ ድምፅ ያስደነግጠናል። ወጣ የሚለው ሁሉ የሌላ ሰው ሐኪም ነው። ሐያት በሆነ ሰዓት "ይኸው እስካሁን..." ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። እኔም የእሷን እጅ ይዤ፣ በሆዴ ያንን በር ያንኳኳው ማን እንደሆነ ስፈልግ ነበር። የታሪኩን መጨረሻ እኔም አላውቅም ነበራ! እግዚአብሔርን የለመንኩት ሁለቱን አንድ ላይ ነው፤ እትዬ ሩቂያን አውጣልኝ፣ በሩንም ክፈትልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ "በደህና አልቋል" አለ። "ግን ለጥቂት ቀን እንዳይናገሩ፤ ድምፃቸው ማረፍ አለበት።" አስናቀች እልል ልትል አፏን ስትከፍት ነርሷ ገላመጠቻት።

ሲያስገቡን አንገታቸው በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ተኝተዋል። ሐያት "እማዬ" አለቻቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት፣ ጣቷን ጨበጡ። ቀጥሎ እኔን ፈለጉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ነርሷ "እንዳይናገሩ!" አለች። ተቆጡ፤ ቁጣቸውን ከዓይናቸው አየሁት። ከዚያ እጃቸውን ቀስ አድርገው ከአልጋ ልብሱ ሥር አወጡና፣ በጣታቸው መገጣጠሚያ የአልጋውን ብረት መቱት።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ነርሷ "ምን ፈልገው ነው?" ትላለች። ሐያት ውኃ የጠየቁ መስሏት ተርበተበተች። እኔ ብቻ ገባኝ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"ልጇ ናት" አልኳቸው። "ዝናቡ አበስብሷታል። ማርታ በሩን ከፈተችና 'ልብስሽን ቀይሪ' ብቻ አለቻት።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል ብረቱን ደግመው መቱት። ቀጥዪ ማለታቸው ነው።

ድምፃቸው እስኪመለስ ድረስ በየቀኑ እየሄድኩ ቀጠልኩላቸው። የእንግሊዟን መጽሐፍ ጨረስኩ ብዬ አልመጻደቅም፤ ያ ታሪክ ከዚያ ዋርድ አልወጣም፣ እንዲወጣም አልፈልግም። እኔን ግን ያ ብረት ቀሰቀሰኝ። ያን ያህል ዓመት ስማር መጽሐፍ የሚጽፉት ሩቅ አገር የኖሩ፣ ስማቸው የገነነ፣ የሞቱ ሰዎች ብቻ ይመስሉኝ ነበር፤ የእኔ ድርሻ ስለነሱ ፈተና መፈተን ነው። እንግሊዟ ለካ ሥራዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ የሄደች አንዲት ሴት ናት። እናንተም የምታነቡኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፋችሁት ነገር ካለ፣ ጥሩ ሰዓት አትጠብቁ። ቁርስ ከመቅረቡ በፊት ያለችው ትንሽ ሰዓት ትበቃለች። እኔ በሷ ነው የጻፍኩት፤ ስለ ኮልፌ ሴቶች፣ ሳያንኳኩ ስለሚገቡት።

የመጀመሪያውን ታሪክ ጨርሼ ወደ ስፌት ቤቱ ይዤ የሄድኩ ቀን መብራት እስኪጠፋ ስጠብቅ ዋልኩ። ሲጠፋ ወረቀቴን አወጣሁ። አስናቀች የእኔን ቁልፍ ወደ ራሷ ሳበች። እትዬ ሩቂያ፣ አንገታቸው ላይ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ቀርቶ፣ ወንበራቸውን አስጠጉ። ማንበብ ጀመርኩ።

ገና መሃል ላይ ሳልደርስ አምፖሉ በራ። ሴቶቹ በልማድ ወደ መኪናቸው ተነሡ፤ እኔም በልማድ፣ በአረፍተ ነገር መሃል፣ ወረቀቴን አጠፍኩ።

እትዬ ሩቂያ ተነሥተው ግድግዳው ጋ ሄዱ። ማጥፊያውን በአውራ ጣታቸው ተጭነው መብራቱን አጠፉት።

"ተቀመጡ" አሉ። "ገና አልጨረሰችም።"